ወንበሩ ተቆጠረ፤ ደብዳቤውስ?

እንጅባራን በድሮ ስሟ ኮሶበር የሚላት ሰው ዛሬም አይጠፋም። እዚያች ከተማ፣ ጭጋጉ ወርዶ ሰው ሁሉ ጋቢውን ሲያጣፋ፣ መንገድ ዳር ካለች ቡና ቤት የቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጬ ቡናዬን ስጠጣ አንድ ወጣት መጣና አሥራ አራት ገጽ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ታላቅ ወንድሙን አስተምሬዋለሁ፤ የደፈረኝም በዚያ ነው።

«ጋሼ፣ ይቺን ያዩልኛል?»

«ምንድን ናት? ግጥም እንዳትሆን ብቻ!» አልኩት። ሃያ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ያስተማረ ሰው ወረቀት ሲዘረጉለት መጀመሪያ የሚፈራው ግጥም ነው።

«ኧረ አይደለም ጋሼ። የኢሜይል ሰርቨር ማዛወሪያ ዕቅድ ነው።»

ምነው ግጥም በሆነ! አልኩ በሆዴ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጁ እንጅባራና ዳንግላ ቢሮ ባለው አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ የእናንተም መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል። የእንጅባራው ቢሮ የራሱ ኔትወርክና የራሱ የኢሜይል ስም አለው፤ ባለሙያዎቹ ዶሜይን የሚሉት ማለት ነው። የዳንግላውም የራሱ አለው። ሦስተኛ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በአንድ ፕሮጀክት ገንዘብ የተከፈተ፣ ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ባለቤት ያጣ፣ ግን እስካሁን በየደብዳቤው ራስጌ ላይ የሚታተም ስም አለ። ኢሜይሉን ተቀብሎ የሚያስቀምጠው ማሽን፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ አርጅቷል። አዲስ ተገዝቷል። እንግዲህ ሥራው ሦስቱን ስም ከነደብዳቤያቸው ወደ አዲሱ ማሽን ማዛወር ነው።

«አማርኛውን ብቻ ያርሙልኝ፤ ሰኞ ለአለቆቼ አቀርበዋለሁ» አለኝ።

አማርኛውን ብቻ! አማርኛ «ብቻ» የሚሆንበትን ቀን እስካሁን አላየሁም።

የድሮ አመሌ ነውና ቀይ እስክሪብቶ አወጣሁ። የመጀመሪያው ገጽ እንዲህ ይላል፦ «ሰርቨሩ ይዛወራል፤ መረጃው ይገለበጣል፤ ተጠቃሚዎች እንዲያውቁት ይደረጋል፤ ችግር ሲያጋጥም አፋጣኝ መፍትሔ ይሰጣል።» ሁለተኛው ገጽም ያው፣ ሦስተኛውም ያው። ይከናወናል፣ ይጠናቀቃል፣ ይረጋገጣል... ማን ነው የሚያዛውረው? ማን ነው የሚገለብጠው? ማን ነው የሚያሳውቀው፣ ለማንስ? አሥራ አራቱን ገጽ ስጨርስ ዳር ዳሩ ላይ «ማን?» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ ሠላሳ ስምንት ደረሰ።

ተማሪዎቼ አጭር ልብ ወለድ ጽፈው ሲያመጡልኝ የምጠይቃቸው ሦስት ነገር ነበር፦ ባለታሪኩ ማን ነው? ቦታው የት ነው? ጊዜው መቼ ነው? ዕቅድም ያው ድርሰት ነው፤ ገና ያልሆነን ነገር እንደሚሆን አድርጎ የሚተርክ። ስለዚህ በዚያው ሚዛን ብመዝነው ኃጢአት የለውም። የዚህ ድርሰት ባለታሪክ ማሽኑ ነው። ጉልበቱ፣ የማስታወሻው ስፋት፣ ዋስትናው ሁሉ በሁለት ገጽ ተተርኳል። ሰው ግን የለም። «ተጠቃሚ» የሚባል ፊት የሌለው ፍጡር አልፎ አልፎ ብቅ ይልና «እንዲያውቅ ተደርጎ» ይጠፋል። ቦታውም የለም፤ መብራት የሚጠፋበት፣ መስመር የሚቆራረጥበት አገር መሆኑ አንድም ቦታ አልተነሳም። ጊዜው ደግሞ ተረት ነው፦ «ቅዳሜ ማታ ከ2 ሰዓት ጀምሮ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ይጠናቀቃል።» አሥር ሰዓት መሆኑ ነው።

«ስንት ሰው ነው ያለው?» አልኩት።

«ሁለቱም ቢሮ አንድ ላይ 120።»

«አንዱ ሰው ስንት ደብዳቤ አለው?»

«በአማካይ ሁለት ጊጋባይት ቢሆን ነው።»

«መስመራችሁስ?»

«አሥር ሜጋቢት... ሲገኝ ነው እሱም ጋሼ!»

ናፕኪን ላይ አሰብነው። 240 ጊጋባይት በአሥር ሜጋቢት መስመር ሳያቋርጥ ቢሄድ 53 ሰዓት ይፈጃል። ሳያቋርጥ! ልጁ ሣቀ። እንደሚያውቀው ከሣቁ ገባኝ። አለቃው «በአንድ ሌሊት ይለቅ» ስላሉ በአንድ ሌሊት እንዲያልቅ ጻፈው እንጂ። የዳንግላውን ደብዳቤ በሃርድ ዲስክ ገልብጦ፣ ቆልፎ፣ በሚኒባስ ማምጣት ይሻላል፤ መንገዱ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀልድ አይደለም፤ ብዙ መረጃ ሲሆን መኪና መስመርን ይቀድማል። የቆየው ደብዳቤ አስቀድሞ በሳምንታት ውስጥ ቀስ ብሎ ይገለበጣል፤ በዝውውሩ ሌሊት የሚቀረው የመጨረሻዎቹ ቀናት ብቻ ይሆናል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል የፈሰሰው መለቀም የሚችል ሲሆን ነው። ደብዳቤ ከፈሰሰ ማን ይለቅመዋል?

ይህን የምለው ፈሶ ስላየሁት ነው።

ከብዙ ዓመት በፊት አስተምርበት የነበረ ተቋም ኢሜይሉን ከአንዱ ሰርቨር ወደ ሌላው አዛወረ። ያም ቅዳሜ ማታ ነበር። ሰኞ ስንገባ ለሁላችንም አዲስ አድራሻ ተሰጠን፤ አሮጌው ወዲያው ተዘጋ። ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወረቀት ተለጠፈ፣ አነበብኩት፣ ደስ አለኝ። አዲሱ አድራሻ አጭር ነበር፤ ስሜንም በትክክል ጽፈውታል። አለቀ።

ከዳንግላ የመጣች አንዲት ጎበዝ ተማሪ ነበረችኝ። ውጭ አገር ለሁለተኛ ዲግሪ ስታመለክት ምስክር እንድሆናት ለምናኝ እሺ ብያታለሁ። ቅጹ ላይ የሞላችው የድሮውን አድራሻዬን ነበር፤ ሌላ አታውቅማ! ዩኒቨርሲቲው ጻፈልኝ፤ ደብዳቤው ተመለሰ። ደግሞ ጻፈ፤ ደግሞ ተመለሰ። ለእሷ «ምስክርዎ መልስ አልሰጡም» አሏት። ቀኑ አለፈ። እሷ ደግሞ መምህሯን «ለምን አልጻፉልኝም?» ብላ አትጠይቅም። በኛ አገር ማን ይጠይቃል? የሆነውን ያወቅሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ባሕር ዳር በአጋጣሚ ስንገናኝ ነው። ሰላምታዋ እጅግ ትሑት ነበር። የተቀየመ ሰው ትሕትና እንዴት እንደሚከብድ የቀመሰ ያውቀዋል። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረች፣ አግብታ፣ ልጅ ይዛ ነበር። ዳግመኛ አላመለከተችም። ነገሩን ሳስረዳት «አይ፣ ዕድሌ ነው ጋሼ» አለችኝ።

ዕድል አልነበረም። አሮጌውን ማሽን ለጥቂት ወራት ሳያጠፋ ደብዳቤውን ወደ አዲሱ እንዲያሳልፍ የሚያደርግ ሰው መመደብ ነበረበት። ያም ባይሆን እኔ ለተማሪዎቼ አንድ መስመር መጻፍ ነበረብኝ። የኔን ድርሻ አልክድም። ማስታወቂያውም ግን «አድራሻ ተቀይሯል» ነበር የሚለው። ማን ቀየረው፣ ማን ለማን ያሳውቅ፣ አይልም። «ተቀይሯል»፣ በቃ።

አድራሻ የሚለው ቃል ከማድረስ ነው የመጣው። የማያደርስ አድራሻ ስሙን አጥቷል ማለት ነው።

ወደ ልጁ ዕቅድ ልመለስ። በባለሙያ ነገሩ ጎበዝ ነው፤ ይህን መመስከር አለብኝ። ዘጠነኛው ገጽ ላይ የጻፈውን እኔ እንኳ ተረድቼዋለሁ። ለአንድ ዶሜይን የሚላክ ደብዳቤ ወደየትኛው ማሽን እንደሚሄድ የሚናገር መዝገብ አለ። ላኪው ማሽን መዝገቡን አንዴ ካየ ለተወሰነ ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ እስከ 24 ሰዓት፣ በቃሉ ይይዘዋል። እናም ቅዳሜ ማታ መዝገቡ ቢለወጥም እሑድ ወደ አሮጌው ቤት ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። መድኃኒቱ ከሳምንት በፊት «ይህን ከአምስት ደቂቃ በላይ በቃላችሁ አትያዙ» ብሎ መዝገቡ ላይ ማስፈር ነው። በዶሜይኑ ስም ደብዳቤ መላክ የሚፈቀድለት የትኛው ማሽን እንደሆነ የሚገልጸው ዝርዝርም አብሮ ካልታደሰ፣ ከአዲሱ ሰርቨር የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ እንደ አጭበርባሪ ተቆጥሮ የቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሁሉንም አስቦበታል።

ያላሰበበት ሰውን ነው። ሁለቱን ቢሮ ሲያገናኝ እንጅባራ አንድ አለምነህ፣ ዳንግላ ሌላ አለምነህ አለ። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስና የአባት ስም ነው ያለን። «አለምነህ» የሚለው አድራሻ ለማን ይሰጣል? የተነጠቀው ሰውዬ ደብዳቤስ ማን እጅ ይገባል? ጽጌን አንዱ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፋታል፤ ማሽን ደግሞ «ይቺው ጽጌ ናት» ብሎ አይገምትም። የሁለቱ ኔትወርክ መግቢያም አይተዋወቅም። የኮሶበሩ ዘበኛ የዳንግላን መታወቂያ አይቀበልም እንደማለት ነው፤ አስቀድሞ ማስተዋወቅ ያስፈልጋል። አገው ሰባት ቤት ነው ይባላል። ሰባት ቤት መሆን ችግር ሆኖ አያውቅም፤ ችግሩ ጎረቤት ሆኖ አለመተዋወቅ ነው።

ዳንግላ ራሷ ከደብዳቤ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1925 እስከ 1934 የሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የእንግሊዝ ቆንስል ሜጀር ቺዝማን መቀመጫው ዳንግላ ነበር። ስለ ጣናና ስለ ዓባይ የጻፈውን መጽሐፍ ያሳተመው ከሄደ በኋላ፣ በ1936 ነው። በዚያ ዘመን በበቅሎ አገር የእንግሊዝ ቆንስላዎች የላኩትና የተቀበሉት ደብዳቤ ግን የቆንስሎቹ የግል ንብረት አልነበረም፤ የመንግሥታቸው መዝገብ ነው። ለንደን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት የሄደ ተመራማሪ የውጭ ጉዳይ ሰነዶቻቸውን አስወጥቶ ያነባል። ሰዎቹ ሄዱ፣ ደብዳቤው ቀረ።

እኛስ? የዛሬ አሥር ዓመት ከአንድ የወረዳ ቢሮ በኢሜይል የወጣ ደብዳቤ ዛሬ የት ይገኛል? ልንገራችሁ፦ ከቢሮው ከለቀቀ ሰው የግል ሣጥን ውስጥ።

ሠራተኛ ሲለቅ የምናደርገውን አስቡ። ክሊራንስ ይዞ በየክፍሉ ይዞራል። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ስቴፕለር፣ መጋረጃ ሳይቀር ይቆጠራል። በሞዴል 22 የወሰደውን አንዲት ካልኩሌተር ካልመለሰ አይለቀቅም። የአሥር ዓመት ደብዳቤ በግል ያሁ ወይም ጂሜይሉ ይዞ ሲወጣ ግን «መልካም ዕድል» ብለን እንሸኘዋለን። ወንበሩ ተቆጠረ፤ ደብዳቤው በሰላም ወጣ። ተተኪው ባዶ ሣጥን ይዞ ከዜሮ ይጀምራል። ባለጉዳይ «ባለፈው ዓመት በኢሜይል ልኬላችሁ ነበር» ሲል «እሱ ሰውዬ ለቋል» ይባላል። ሰውዬው ነው ወይስ መሥሪያ ቤቱ የለቀቀው?

ዱሮ ነገር አልጥልም፤ መሳቢያዬ ውስጥ የቆዩ ደብዳቤዎች አሉ። ራስጌያቸውን ብቻ ማንበብ ታሪክ ነው። አገራችን ኢንተርኔት የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች ላይ «ቴሌኮም ዶት ኔት ዶት ኢቲ» የሚል አድራሻ አለ። ቀጥሎ «ኢትዮኔት ዶት ኢቲ» መጣ። ከዚያ ያሁ፣ ከዚያ ጂሜይል። በየለውጡ መሐል ስንት ደብዳቤ መንገድ ላይ እንደቀረ የቆጠረ የለም። ፖስታን ዳግማዊ ምኒልክ ያቋቋሙት በ1886 ዓ.ም. ነው፤ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ግን እንደ ኢሜይል ዘንድሮ አንድ፣ ከርሞ ሌላ ሆኖ አያውቅም።

የአሜሪካዋ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሂላሪ ክሊንተን ከ2009 እስከ 2013 በነበሩበት ሥልጣን የመንግሥት ሥራን በግል ሰርቨር በመሥራታቸው አገር ተናወጠ፣ ምርመራ ተከፈተ፣ የ2016 ምርጫ ዘመቻ ዋና ርዕስ ሆነ። እኛ ቤት ያ ነገር ቢዝነስ ካርድ ላይ ይታተማል!

«አሁን እኮ ማን ኢሜይል ያያል፣ በቴሌግራም ነው» የሚሉኝ አሉ። የልጁም አለቃ ብለውታል። ቴሌግራም ለጥሪና ለቸኮለ ነገር ጥሩ ነው። ግን እሱም የሚከፈተው በሰው ስልክ ቁጥር ነው፤ ሰውየው ሲለቅ ስልኩን ይዞ ነው የሚለቀው። ደግሞ ሕጉ ተቀይሯል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክትን ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቶታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰውን የግል መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሎበታል። ከእንግዲህ ኢሜይል የጠፋበት መሥሪያ ቤት የጠፋበት ማስረጃ ነው።

የቦታው ነገር ደግሞ አለ። የሚቀበለው ማሽን ቢዘጋ ላኪው ወዲያው ተስፋ አይቆርጥም፤ በተለመደው ደንብ አራት አምስት ቀን እየተመላለሰ ያንኳኳል። ከዚያ «ሰው የለም» ብሎ ደብዳቤውን ለጸሐፊው ይመልሳል። አራት አምስት ቀን ለአንድ የመብራት ብልሽት ይበቃ ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በኋላ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። ያንን ያየ ሰው «ችግር ሲያጋጥም አፋጣኝ መፍትሔ ይሰጣል» ብሎ ማለፍ የለበትም። የውጭውን ደብዳቤ ተቀብሎ የሚያቆይ ሁለተኛ ማሽን መስመሩ በማይቋረጥበት ሌላ ቦታ ያስፈልጋል፤ እንጅባራና ዳንግላ እርስ በርስ የሚጻጻፉበት ደግሞ እዚሁ አጠገባቸው።

ይሄን ሁሉ ብዬው ወረቀቱን መለስኩለት። ቀይ በቀይ ሆኗል። አገላብጦ አየውና ዝም አለ። ቆይቶ፦

«ጋሼ፣ ‹ማን?› ያሉት ሁሉ እውነት ነው። ግን ስም ካስገባሁ ማንም አይፈርምልኝም።»

እዚህ ላይ መልስ አጣሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን «አድራጊውን አትደብቁ» እያልኩ ስቀጣ፣ አድራጊው የሚደበቀው አማርኛ ስለማያውቅ ይመስለኝ ነበር። ለካ አሳምሮ ነው የሚያውቀው! «ይደረጋል» የዝናብ መጠለያ ነው። «አደርጋለሁ» ያለ ሰው ብቻውን ይበሰብሳል። ወንበር ለመቁጠር የማይፈራ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለመቁጠር የሚፈራው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ። ወንበር ማን ምን እንደጻፈ አይናገርም።

ቢሆንም አንድ ነገር አልኩት፦ «በራስህ ስም ጀምር። መጀመሪያ ‹እኔ› በልበት። ሁለተኛ፣ የመዝገብ ቤቷን ሴት ጠይቃት።»

ከአንድ ወር በኋላ ደወለልኝ። አንድ ሌሊት የነበረው ስድስት ሳምንት ሆኗል። አምስት ቦታ ላይ «እኔ» ብሎ ጽፏል፤ ሁለት ኃላፊዎች ፈርመዋል፣ አንዱ «እናየዋለን» ብለው ይዘውታል። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በእጇ የምትጽፍበት ደብተር ነበራት፤ ለመሥሪያ ቤቱ የሚጽፉ ሰዎችና ቢሮዎች አድራሻ ከዓመት ዓመት የተመዘገበበት። ከእሷ ደብተር ኮምፒዩተሩ የማያውቃቸው 31 አድራሻዎች ወጡ። ባለቤት ያጣው የፕሮጀክቱ ዶሜይንም አልተዘጋም። ክፍያው ካልታደሰ ማንም ገዝቶት በመሥሪያ ቤቱ ስም የሚመጣውን ደብዳቤ ሊቀበል እንደሚችል ለአለቆቹ አስረድቶ፣ ለሁለት ዓመት አሳድሶታል።

«ሦስተኛውን ፊርማ ግን እስካሁን እየጠበቅሁ ነው ጋሼ» አለኝ።

ያን ቀን ማታ ኮምፒዩተሬን ከፍቼ ለድሮው አድራሻዬ፣ ለራሴ፣ አንዲት መስመር ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃም ሳይሞላ ተመልሳ መጣች፤ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም ትላለች።

የናንተስ የድሮ አድራሻ ማን እጅ ነው? እስቲ ዛሬ ማታ ጻፉለት። ቸር ሰንብቱ።